አስቀድማችሁ ዋስ ጥሩ

በወልድያ አንድ የጋራ ሕንፃ ነበረ ይባላል። ሰፈሩን አልጠራም፤ ነዋሪዎቹንም በስም አላነሣም። ምሳሌ ነውና ከማንም ደጅ ሄዶ የሚቆም ነገር የለውም።

ከምድር ቤቶቹ በአንዱ አንድ የፍራፍሬ ነጋዴ ይኖር ነበር። ሸቀጡን የሚያመጣው ከመርሳ ነው። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በዚያ መንገድ ተጉዞ ብርቱካኗንና ማንጎዋን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ከነጋዴው ራስ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ለሆቴሎች እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ትኖር ነበር። ወልድያ የመንገደኛ ከተማ ናት። ወደ ቆቦና አላማጣ የሚያልፈውም፣ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውም ሳይበላባት አይሄድምና እንጀራ ለሚጋግር ሰው ገበያ አይጠፋም። እርሱ "እትዬ" ይላታል፤ እርሷ "አያ" ትለዋለች። እርሱ መስጊድ ይሄዳል፤ እርሷ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ለአረፋ እርሷ ትጠራለች፤ ለፋሲካ እርሱ ይጠራል። ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

አንድ ክረምት በነጋዴው ጣሪያ ላይ መዳፍ የሚያህል እርጥበት ታየ። ሰንብቶ ልስኑ አበጠ፤ ከዚያም ተሰንጥቆ ወደቀና ውኃው በቀጥታ ብርቱካኑ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ብርቱካን ደግሞ አንዱ ከሻገተ አጠገቡ ያለው አይተርፍም። ነጋዴው ወደ ላይ ወጥቶ በሩን አንኳኳ።

"እትዬ፣ ሻወርሽ እያፈሰሰብኝ ነው።"

"አያ፣ እኔ ቤት ገብተህ እይ። ወለሉ ደረቅ ነው። ከላይ ካሉት ቢሆን እንጂ ከእኔ አይደለም።"

ገብቶ አየ፤ ወለሉ ደረቅ ነበር። ወርዶ ሲያይ ጣሪያው ያንጠባጥባል። እርሱ በዓይኑ ያየውን ያምናል፤ እርሷም በዓይኗ ያየችውን። ሁለቱም አልዋሹም፤ የጋራ ሕንፃ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ገጠር ከጎረቤት የተጣላ ሰው አጥሩን ያጠብቃል፣ ከብቱን በሌላ መንገድ ያሰማራል። እዚህ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው፤ መውጫውም መግቢያውም አንድ ደረጃ ነው። የተኮራረፈ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ይተላለፍበታል።

አስታራቂ አልጠፋም። መጀመሪያ የእድሩ ሰዎች ገቡ፤ ይቅር አባባሏቸው፣ ቡና ተፈላ። ጥቂት ቆይቶ ውኃው እንደገና ሲወርድ ንትርኩ አገረሸ። ለአረፋ ዘመዶች ገብተው እንደገና አስታረቋቸው፤ ተቃቀፉ፣ ሴትዮዋም አለቀሰች። ከዚያም ክረምት ሳይወጣ ጣሪያው ሌላ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። እርቁ ልባቸውን አበረደው እንጂ ቧንቧው ላይ የፈረደ ሰው አልነበረም። ማን ያድሰው? በማን ገንዘብ? እስከ መቼ? ይህን የጠየቀ አንድም አስታራቂ አልነበረም፤ ሁሉም "ተዉ፣ ጎረቤት ናችሁ" ብሎ ነው የሄደው። ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ዳኝነት የሚፈልግን ጉዳይ በይቅርታ ብቻ መዝጋት ቀጣዩ ጠብ እንዲመርር ማድረግ ነው፤ ሰው "ይቅር ብዬው እንኳ" የሚል አዲስ ቂም ይጨምርበታልና።

እንደዚያው ሆነ። ነጋዴው አንድ ማለዳ የሴትዮዋን የውኃ መስመር ከቆጣሪው ላይ ዘጋው። ሦስት ቀን ውኃ አጣች፤ ሊጥ የምታቦካበት ጠፋና ከደንበኞቿ አንዱ ሆቴል ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄደ። እርሷም የቡሃቃ እጣቢ በበረንዳዋ በኩል ደፋች፤ እጣቢው ነጋዴው ከሕንፃው ጎን ባቆማት የቆርቆሮ ሱቅ ላይ ፈሰሰ፤ ያደረ ማንጎ ተበላሸ። የሁለቱም ቤት ልጆች አብረው መጫወት አቆሙ። ነጋዴው ክስ መሠረተ። መጥሪያ፣ መልስ፣ ቀጠሮ። ችሎቱ የባለሙያ ማስረጃ ጠየቀ፤ ባለሙያው የሕንፃውን ንድፍ ጠየቀ። ንድፉ ደግሞ ከሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዝገብ ጋር ጠፍቷል፤ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት በተያዘችበት ወራት ከጠፉት ብዙ ወረቀቶች አንዱ ነበር። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተጨመረ። ዳኛው አልበደሉም። ከሳሽ ተከሳሽን ነው የሚያቀርብላቸው፤ እርሳቸውም የቀረበላቸውን ነው የሚያዩት።

አንድ ቀን አንድ ሼህ ከመርሳ መጡ። የብርቱካን እርሻ አላቸው፤ ለነጋዴው የሸጡበትን ሒሳብ ሊቀበሉ ነው የመጡት። ገቡና በፕላስቲክ የተሸፈነ የብርቱካን ሣጥን፣ ከሥሩ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ አዩ። ጠየቁ፤ ነጋዴው ከሥር ጀምሮ ነገራቸው። እርሳቸው የሐብሩ ሰው ናቸው። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ፤ እስላምና ክርስቲያኑን በአንድነት አስቀምጠው የደም ጉዳይ ሳይቀር ያያሉ፤ ደም ያደርቃሉ። ሼሁ በእንደዚህ ያለ ሸንጎ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው።

"ስንት ጊዜ ታረቃችሁ?" አሉት።

"ሁለት ጊዜ።"

"ሁለቱንም ጊዜ ዋስ የጠራ አለ?"

"ለእርቅ ምን ዋስ ያስፈልጋል፣ ሼህ?"

"ለእርቅማ ላያስፈልግ ይችላል። ለዳኝነት ግን ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሁለቱም ለሚፈረደው እንገዛለን ብለው ዋስ ሳይጠሩ ነገር አይሰማም። ያለ ዋስ የተሰማ ነገር ሐሜት ነው።"

ሴትዮዋ ተጠርታ መጣች፤ ከነጋዴው ራቅ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች። ሼሁ አሳቡን ነገሯት። እርሱ አንድ ሰው ይመርጣል፣ አንቺም አንድ፤ የተመረጡት ሁለቱ ሦስተኛውን ይመርጣሉ፤ ሦስቱ የሚሉትን ሁለታችሁም ትቀበላላችሁ፤ ይግባኝ የለም።

"ቢፈረድብኝስ?" አለች።

"ይፈረድብኛል ብለሽ ነው መግባት፣ ልጄ። ይፈረድልኛል ብሎ ብቻ የሚገባ ሰው ከዳኝነቱ ያልገባ ነው።"

"አልፈልግም ብልስ?"

"ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው። ማንም አያስገድድሽም። ሂጂና እደሪበት።"

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያን ሌሊት የሚያህል ነገር አላይም። ነጋዴው ታች፣ ሴትዮዋ ላይ፣ በአንድ ሶሌታ ተለያይተው ሁለቱም አልተኙም። ነገ ማን እንደሚረታ አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር፣ እሺ ካሉ በኋላ እምቢ ማለት እንደማይቻል ነው። እንዲህ ያለ ቃል ነፃ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የተገደደ ሰው ከሰጠው ውል አይባልም። ጎረቤት ደግሞ ከችሎት በፊት ለጎረቤቱ ይህን ቃል ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ችሎቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አብሮ መኖር የሚቀጥል ሰው ፍርዱን አብሮ ቢመርጠው፣ ፍርዱን ጭኖበት የሄደ የለምና ነው።

በነጋታው ሁለቱም እሺ አሉ። ነጋዴው "የእኔ ዳኛ እርስዎ ነዎት" አላቸው ሼሁን። እርሳቸው ግን ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

"ይህ ሰው ብርቱካኔን ይገዛኛል። ዛሬ እንኳ ገንዘብ ልቀበለው ነው የመጣሁት፤ ገና አልከፈለኝም። ይህን እወቂ። ካልተመቸሽ ሌላ ይምረጥ።"

ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየች። "ደብቀውኝ ቢሆን አልቀበልዎትም ነበር" አለች። "ይጻፍና ይቀመጡ።" እርሷም ከአጥቢያዋ አንድ መሪጌታ መረጠች። ሼሁና መሪጌታው ተማክረው ሦስተኛ ያደረጉት ከሲሪንቃ አንድ ጡረታ የወጣ ፎርማን ነው፤ ዕድሜውን በሕንፃ ሥራ የጨረሰ፣ ከሁለቱ አንዱንም የማያውቅ ሰው። መሪጌታው "እኛ ሰውን እናውቃለን፤ ቧንቧን የሚያውቅ ይጨመርልን" ነው ያሉት። ይህ ከግልግል ዳኝነት ጥቅሞች ዋናው ይመስለኛል፤ ተከራካሪዎቹ ስለ ነገሩ የሚያውቅ ሰው መርጠው ማስቀመጥ ይችላሉ።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር አስተማሪ ውሉን ጻፈ። ይህ አገራችን የማታውቀው ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3325 ጀምሮ "የዘመድ ዳኝነት" ብሎ ደንግጎት ነበር። በ2013 የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ያን ተክቶ አሰፋው፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የዳኞቹ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፣ ተዋዋዮቹ ካልወሰኑ ሦስት ይሁኑ ይላል። ዳኛው በገለልተኝነቱ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድር ነገር ካለው እንዲያሳውቅ ያዛል። ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር በውሳኔው ላይ ይግባኝ የለም፤ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል። በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላ አገር የሚፈጸምበት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በኒውዮርክ የተፈረመውና ኢትዮጵያ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1184 ያጸደቀችው ስምምነትም የቆመው በዚሁ ቃል ላይ ነው። ለመንገድ ሥራ ተቋራጭ የሚበቃው ዳኝነት ለሻወር ቤት አያንስም።

አስተማሪው ሲጽፍ ሴትዮዋ አንድ ነገር አነሣች። "የቆርቆሮ ሱቁም ይታይልኝ። መሬቱ የእርሱ አይደለም፤ ለምን ይቀመጥበታል?"

መሪጌታው የእርሷ ምርጫ ናቸው፤ መልሱን የሰጡት ግን እርሳቸው ነበሩ። "የመሬት ነገር ለእኛ አልተፈቀደም፣ ልጄ። ሊዝም ቢሆን፣ ይዞታም ቢሆን፣ አዋጁ ከግልግል ዳኝነት አውጥቶታል። እርሱ የከተማውና የፍርድ ቤት ነው። በማይገባን ፈርደን የሚገባንን እንዳናበላሽ።" ከፋት፤ ፊቷን አዞረች። ነገር ግን የሱቁ ነገር ከውሉ ወጣ። ውኃው፣ የተበላሸው ልስንና ፍራፍሬ፣ የተዘጋው የውኃ መስመር፣ የተደፋው እጣቢ ብቻ ተጻፈ። እርሷ የእድሩን ዳኛ ዋስ ጠራች፤ ነጋዴው ያንኑ ጸሐፊውን አስተማሪ። ፈረሙ። ነጋዴው ሄዶ የፍርድ ቤቱን ክስ አነሣ። ነገር መሰማት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስቱ ዳኞች ሁለቱን ለየብቻ አልሰሙም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ነው። ፎርማኑ ብዙም አልጠየቀ። በመጨረሻ "ቀይ ሥር አለሽ?" አላት ሴትዮዋን።

ነበራት። ቀቅላ ውኃውን በባልዲ አቀረበችለት፤ ደም የመሰለ ወፍራም ውኃ። ፎርማኑ የቤቷን መስመር ከዋናው ዘጋ። የሻወሩን ፍሳሽ በጨርቅ ወተፈ። ቀዩን ውኃ ወለሉ ላይ አፈሰሰና ሁሉንም ይዞ ወደ ታች ወረደ። የነጋዴው ሚስት ቡና ማፍላት ጀመረች፤ ፎርማኑ ከተሰነጠቀው ጣሪያ ሥር ነጭ ሳሕን አኖረ። ከጥጉ ከሚያፈሰው ስንጥቅ ሥር ደግሞ ሌላ ነጭ ሳሕን። ባትሪ አብርቶ ተቀመጠ። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ሲቀዳ በመጀመሪያው ሳሕን ላይ አንድ ጠብታ ወደቀች፤ ሐመር ቀይ ነበረች። ሌላ ተከተለች።

"አላልኩም!" ብሎ ነጋዴው ተነሣ። "ወላሂ አላልኩም?" ሴትዮዋ ሳሕኑን እያየች ቀረች። ወለሏ ደረቅ የነበረው ሴራሚኩ ከላይ ስለሚደርቅ ነው፤ ውኃው በማያያዣው እየሠረገ ከሥር ሲጠራቀም ኖሯል።

"ቁጭ በል" አለው ፎርማኑ። "ያኛውን እይ።"

የጥጉ ሳሕን ግማሽ ደርሷል፤ ውኃው ግን ንጹሕ ነው፤ ቅላት የለበትም። የሴትዮዋ መስመር ተዘግቶ እንኳ አልቆመም። ፎርማኑ ከእርሷ በላይ ያሉት ሁለት ቤቶች ውኃ እንዲያፈሱ አስተማሪውን ላከው። ከላይ ሲፈስ ጥጉ መንጠባጠቡን ትቶ በግድግዳው ላይ ወረደ።

"እዚህ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የጋራ ቱቦ አለ፤ ተሰንጥቋል" አለ ፎርማኑ ግድግዳውን እየነካ። "ይህ የእርሷ አይደለም። የአንተም አይደለም።"

በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የግልን ከጋራ ለይቶታል። ቤትህ የግልህ ነው፤ ከቤቶቹ ክልል ውጪ ያለው ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ብዙ ቤት የሚያገለግለው ቱቦ የሁሉም ነው፤ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ቁልፉን በተቀበለ ቀን የተቀበለው ቤት ብቻ ይመስለዋል። ማኅበርም አብሮ ተቀብሏል፤ የማያውቀውን ግማሽ ቤት አብሮ ተቀብሏል። ለመገንባቱ ያወጣነውን ድካም ያህል አብሮ ለማስተዳደሩ አላወጣንም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ነጋዴው "እንግዲያ ማኅበሩ ይክፈል ብላችሁ ፍረዱ" አለ።

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማኅበሩ መቼ ፈረመ? ያልፈረመን ሰው አንፈርድበትም። ሁለታችሁን የያዝናችሁ በሰጣችሁት ቃል ነው፤ እርሱ ቃል አልሰጠንም።"

ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ነጋዴው ተቆጣ፤ ጊዜ እየሄደ፣ ብርቱካን እየሻገተ ነው። ዳኞቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። የማኅበሩ ሰብሳቢ ተጠራ፤ እርሱም በራሱ መፈረም እንደማይችል ተናገረና ጠቅላላ ስብሰባ ጠራ። እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። "የኋላ ደረጃ ቧንቧ የፊት ደረጃ ነዋሪን ምን አገባው?" ያለ ነበር። "ገንዘብ የለንም" ያለም ነበር፤ እርሱ ውሸት አልተናገረም። አስተማሪው አዋጁን አነበበላቸው። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ አብዛኞቹ እጅ አወጡና ማኅበሩ ሦስተኛ ተከራካሪ ሆኖ ፈረመ፤ በእነዚያው ሦስት ዳኞች ተስማምቶ። ዳኞቹም ቀድሞ የሰሙትን አልበቃ ብለው ሰብሳቢው ባለበት እንደገና ሰሙ፣ ቱቦውንም እንደገና አሳዩት።

ከዚያ ፈረዱ። ፍርዱ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ ሦስቱም ፈርመውበት ተነበበ። ከተበላሸው ልስንና ፍራፍሬ ሲሶውን ሴትዮዋ፣ ሁለቱን እጅ ማኅበሩ ይክፈል፤ ጥጉ የቆየ፣ ጉዳቱም የበዛ መሆኑን ፎርማኑ አሳይቷልና። ሴትዮዋ በአንድ ወር ውስጥ የሻወሯን ወለል አስነሥታ ውኃ በማያሳልፍ ነገር አስለብሳ ታሠራው፤ እስከዚያ እንዳትጠቀምበት። ማኅበሩ ቱቦውን ይለውጥ። ነጋዴው ውኃዋን ዘግቶ ያሳጣትን የሦስት ቀን ገቢ ይክፈላት፤ በሰው ውኃ ላይ እጅ ማንሣት ለተበዳይም አልተፈቀደምና። እርሷም በእጣቢው ያበላሸችውን ማንጎ ትክፈል።

ከተነበበ በኋላ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ነጋዴው ገና ከጅምሩ የተበደለ እርሱ ነውና ከፋይ መሆኑ አንገበገበው። ሴትዮዋ ደግሞ ከሒሳቡ ይልቅ ወለሉ ከበዳት፤ ሌላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትገዛበት የጠበቀችው እቁብ እንደወጣላት ሙሉ በሙሉ ለሲሚንቶና ለሴራሚክ ሊሄድ ነው።

ሕግ የሚማር የእህቷ ልጅ አላት። ማታ መጥቶ ውሳኔውን አነበበና አክስቱን አጽናናት። እርሷ ግን የፈለገችው ማጽናኛ አልነበረም።

"ፍርድ ቤት ሄጄ ላስፈርሰው?"

"ሳይሰሙሽ ፈረዱ?" አላት።

"ሰሙኝ። ሁለት ጊዜ ሰሙኝ።"

"ወገን የያዘ፣ ገንዘብ የተቀበለ አለ?"

"እግዜር ይቅር ይበልህ! ሼሁ እንኳ ብርቱካኑን ሳይቀር ነው የነገሩኝ።"

"ካልሰጣችኋቸው ሥልጣን አልፈው ፈርደዋል?"

የቆርቆሮ ሱቁ ትዝ አላት። "አላለፉም።"

"እንግዲያ በምን ታስፈርሺዋለሽ?"

"በዛብኝ።"

"በዛብኝ ለማስፈረሻ አይበቃም፣ አክስቴ። ፍርድ ቤቱ ይህን ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ አይቀበልሽም።"

ዝም አለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ "ቢቀበለኝስ? የእድሩ ዳኛ በእኔ ስም ዋስ ሆኗል፤ ነገ ለቀብር ሳገኘው በየትኛው ዓይኔ ላየው ነው?" አለች። በነጋታው ወለል የሚያነሣ ሠራተኛ አስመጣች። መዶሻው ሲመታ ታች ድረስ ይሰማ ነበር። ነጋዴው ወጥቶ አላያትም፤ ሚስቱ ግን የሴትዮዋ ልጆች ሻወር የሚወስዱበት ስለጠፋ ወደ ቤቷ እንዲወርዱ ላከችባቸው።

ፈተናው ለእርሱም አልቀረ። ማኅበሩ መዋጮ እስኪሰበስብ ዘገየ። ነጋዴውም በልቡ፣ "እኔ ያልተከፈለኝን ምን ያስከፍለኛል?" ብሎ የሴትዮዋን የሦስት ቀን ገቢ ያዘባት። አሳማኝ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ፍትሕ የሠራ ይመስለዋል። ግን የማኅበሩ ዕዳ ሌላ ነው፣ የእርሱ ዕዳ ሌላ፤ በውሳኔው ላይ አንዱ ከሌላው ጋር አልተሳሰረም። አንድ ምሽት አስተማሪው በሩን አንኳኳ። አልተቀመጠም።

"አያ፣ ዋስህ እኔ ነኝ። ወይ ክፈል፣ ወይ እኔ እከፍላለሁ። ሌላ መንገድ የለንም።"

ነጋዴው የአስተማሪውን ደመወዝ ያውቃል። ያን ማታ ገንዘቡን ቆጥሮ ራሱ ደረጃውን ወጣ። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ ቆጥራ ተቀበለች። "እትዬ" ማለት የጀመረው ግን ከዚያ ቆይቶ ነው። ዳኝነቱ የሰጣቸው የወዳጅነት ትእዛዝ አልነበረም፤ ጣሪያው ደርቆ፣ ዕዳው ተከፍሎ ያለ ቂም ደረጃ የሚወጡበትን ዕድል ነው። ወዳጅነቱ በራሱ ጊዜ መጣ።

ማኅበሩ በመጨረሻ ቱቦውን ለወጠ። ለዚያ ሥራ መዋጮ ሲሰበስብ ብዙ ነዋሪ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ወደፊት በመካከላችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ ከጅምሩ በዚሁ መንገድ እንዲታይ በመተዳደሪያ ደንቡ ለምን አይገባም? ስብሰባ ተጠራ፤ ሼሁም ከመርሳ ተጋብዘው መጡ። አስተማሪው ያዘጋጀውን አነበበ፦ የጥገና፣ የፍሳሽ፣ የድምፅና የመዋጮ ክርክር በሦስት የግልግል ዳኞች ይታያል፤ እያንዳንዱ አንድ ይመርጣል፤ መሬት የተመለከተ ነገር አይገባም፤ የሚስማማ ይፈርም። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ፈረመ።

አንድ ልብስ ሰፊ ግን አልተነሣም። "እኔ ጉዳዩ ሳይመጣ ለጉዳይ አልፈርምም" አለ። "ዳኛዬን ያን ጊዜ ፍርድ ቤት አገኛለሁ።"

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ "ብዙኃኑ ከወሰነ አንድ ሰው ምን አባቱ!" አለ። ሌላው፣ ያልፈረመ ከግቢው ጥበቃ ይውጣ አለ። ሰብሳቢው ወደ ሼሁ አየ።

"አይሆንም" አሉ ሼሁ። "ተገዶ የፈረመ ሰው ነገ ሲፈረድበት ተገድጄ ነው ይላል፤ እውነቱንም ነው። ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው፤ የእናንተ ጥበቃም የእርሱ ጥበቃ ነው። ተዉት።"

ሰብሳቢው በልብስ ሰፊው ስም አንጻር ያለውን መስመር ባዶውን ተወውና የሚቀጥለውን አጀንዳ ጠራ፤ የሮቶው እጥበት ነበር። ለእርሱ መዋጮ ሲጠየቅ ከኪሱ መጀመሪያ ያወጣው ልብስ ሰፊው ነው።